ክረምት የጋረዳት ኮከብ

የጎጃሙ ጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት እንጦጦ ደግሞ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ይህን የሰማ ጎጃሜ «ታዲያ ጮቄ ላይ ምነው አይተከልም?» ቢል ያምርበታል። ቴሌስኮፑ የሚሰጠውን ቁጥር ማን እንደሚያሰላው ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ለምሳሌ ሚራ የምትባለው ኮከብ በ332 ቀን ገደማ አንዴ ትደምቃለች። ስትደምቅ ያለመሣሪያ ትታያለች፤ ስትደበዝዝ ከዓይን ትሰወራለች። የምትደምቅበት ቀን በየዓመቱ 33 ቀን ያህል ይቀድማል። አንዴ ጳጉሜን ላይ ከዋለ፣ በዓመቱ ሐምሌ ማብቂያ፣ በሦስተኛው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ላይ ይውላል። የጎጃም ሰማይ በእነዚህ ወራት አብዛኛውን ሌሊት ደመና ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኖ የሚመዘግብ ተማሪ ኮከቧ መድመቋን ተወች ብሎ ቢደመድም ማን ይፈርድበታል?

እዚህ ላይ የሚያድነው ስሌት ነው። ኒኮላስ ሎምብ በ1976፣ ጄፍሪ ስካርግል በ1982 እ.ኤ.አ. ያዳበሩት ዘዴ ክፍተት ያለበትን መዝገብ እንዳለ ይቀበላል። ያልታየውን ሌሊት በግምት አይሞላም፤ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ዑደቶች በየተራ እየሞከረ፣ ከታዩት ሌሊቶች ጋር ይበልጥ የሚገጥመውን ይፈልጋል። ችግሩ ክረምትም በየዓመቱ የሚመላለስ መሆኑ ነው፤ ክፍተቱ ራሱ የሐሰት ዑደት ይወልዳል። እውነተኛውን ለይቶ የሚያወጣው ስታቲስቲክስ የገባው ሰው ነው።

ስሌት የለመደ ሰው ጎጃም አያጣም። የአብነት ተማሪው በባሕረ ሐሳብ ወንበር የሚባለውን የዓመቱን ቁጥር በ11 አባዝቶ፣ በ30 ገድፎ አበቅቴ የሚባለውን የጨረቃ ቁጥር ያወጣል። ስሌቱ የጨረቃን አማካይ ጉዞ በ19 ዓመት ዙር የያዘ ሲሆን፣ ከእውነተኛዋ ጨረቃ የሚዛነፈው በ300 ዓመት አንድ ቀን ያህል ነው።

መረጃውም ቢሆን ሞልቷል። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ የጋይያ ሳተላይት ያየቻቸውን 1.8 ቢሊዮን ገደማ የሰማይ አካላት መዝገብ በ2022 እ.ኤ.አ. በነፃ ለቋል፤ ብርሃናቸው የሚለዋወጠው ብቻ ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ለማግኘት ጮቄ መውጣት አይጠበቅበትም። ኢንተርኔት ግን ያስፈልገዋል፤ እሱም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ለወራት ተቋርጦ ነበር።

የቴሌስኮፕ በጀት እስኪገኝ አንድ የስታቲስቲክስ መምህርና ጥቂት ተመራቂዎች ከጋይያ መዝገብ መቶ ኮከቦችን መርጠው ዑደታቸውን ማስላት ይችላሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው፤ ወጪውም የኢንተርኔትና የመብራት ነው።