ልጆቻችን አውድማ አይተዋልን?





በ2014 ዓ.ም. በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሰሞን፣ ስድስትና ስምንት ዓመት የሆናቸውን ሁለት ልጆቼንና ሦስት የጎረቤት ሕፃናትን ይዤ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ወደሚኖሩት ወደ አጎቴ ዘንድ ሄድሁ። አሳቤ ስንዴ ሲወቃ እንዲያዩ ነበር። ቀኑ በዓል እንዳይሆንብኝ አስቀድሜ አስጠይቄአለሁ፤ በአገራችን ይህን ሳይጠይቅ የሚሄድ ሰው ባዶ አውድማ አይቶ ይመለሳል።

እንደ ደረስን ሴት ልጄ አፍንጫዋን ይዛ «ይሸታል» አለች፤ አውድማው በእበት ተለቅልቆ ነበርና። እኔ በአጎቴ ፊት የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ግን አልተቈጡም፤ «እህሉ ከአፈር እንዳይደባለቅ ብለን ነው የኔ ልጅ፤ ጠጠር ያለበት ዳቦ ትወጃለሽ?» አሏት። ከዚያ ወዲያ አፍንጫውን የያዘ ሕፃን አላየሁም። በሬዎቹ በነዶው ላይ ሲዞሩ ልጆቹ ስማቸውን ጠየቁ፤ ከኋላቸውም ተከትለው ዞሩ። ጭዱ ሲከመር አጎቴ «የቤታችሁ ግድግዳ የተመረገው በዚህ ነው» ቢሏቸው ወንዱ ልጄ አላምን አለ፤ ማታ ቤታችን ስንመለስ ግድግዳውን በጥፍሩ ፍቆ አንድ ዘለላ አወጣ፤ አላምንም ባይነቱ ደስ አሰኝቶኛል።

የእኔ ነገር ግን የሚያሳፍር ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ኦሪት በሬ እህል ሲያበራይ አፉ እንዳይታሰር ማዘዙን በቃሌ አጥንቼ ነበር፤ ላይዳ ግን በእጄ ጨብጬ አላውቅም። በዚያን ቀን አጎቴ ላይዳውን ቢሰጡኝ አንድ ጊዜ ወደ ላይ በተንሁ፤ ገለባው ሁሉ ተመልሶ በራሴ ላይ ወረደ። ሕፃናቱ ሣቁ። «መጀመሪያ ነፋሱን ጠይቀው እንጂ» አሉኝ። የነፋሱን አቅጣጫ ማወቅ፣ ፍሬው በአንድ ወገን ገለባው በሌላ ወገን እንዲወድቅ አድርጎ መወርወር፣ ይህ ሁሉ ትምህርት ነው፤ አስተማሪውም ፊደል አልቈጠሩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኛ መምህራን ተማሪ ሲያረፍድ ዶማ አስይዘን ግቢ እናስቈፍራለን። እኔም ብዙ ጊዜ አዝዣለሁ። ዶማን የቅጣት መሣሪያ አድርገን ካስተማርን በኋላ የከተማ ልጅ ገበሬን ለምን ይንቃል ብለን እንገረማለን። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱም ስለ ምርትና ስለ ማዳበሪያ ደብዳቤ ጽፈን የምንፈርም ሰዎች፣ ከመካከላችን ወገልን ከድግር ለይቶ የሚያውቅ ስንቱ ነው?

በውጭ አገር ይህን ነገር ከጠፋ በኋላ በብዙ ድካም ይፈልጉታል። በስዊድን አርቱር ሃዜሊዩስ የተባለ ሰው የገበሬዎችን ቤት ከየአውራጃው እያስነቀለ በስቶክሆልም ከተማ አስተከለና በ1891 እ.ኤ.አ. ስካንሰን የተባለውን ሥፍራ ከፈተ፤ ሕፃናት ዛሬም እየሄዱ የጥንቱን ኑሮ ያያሉ። በአሜሪካም በማሳቹሴትስ በ1946 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የኦልድ ስተርብሪጅ መንደር የጥንት ልብስ የለበሱ ሠራተኞችና በሬዎች አሉት። እኛ ግን አክተር መቅጠር አያሻንም። ሞፈርና ቀንበሩ ከከተማችን ዳር ገና ሥራ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ሁልጊዜ እንዲህ ሆኖ አይቈይም። በአርሲና በባሌ ስንዴው በኮምባይነር መታጨድ ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ገበሬው ከድካም እንዲያርፍ የማይወድ ሰው የለም፤ እኔም ለጌጥ ብዬ አጎቴ በበሬ ኋላ ሲዞሩ ይኑሩ አልልም። መኪናው ሲመጣ ግን መንሹና ላይዳው ማገዶ ከመሆናቸው በፊት ልጆቻችን አሠራራቸውን ይወቁ እላለሁ። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር የአገራችንን የእጅ ሥራ በመልካም ጠብቆ ያሳያል፤ ነገር ግን በመስተዋት ውስጥ ያለ ዕቃ ገለባ በራስ ላይ አያወርድም።

ስለዚህ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ትምህርት ቤቶቻችን በዓመት ሁለት ቀን፣ አንዱን በእርሻ አንዱን በውቂያ ጊዜ፣ ታናናሾቹን ልጆች ወደ ገጠር ይውሰዱ። ሲሄዱም እንደ እንግዳ ይሂዱ፤ ገበሬውን የሥራ ቀን የሚያስፈታ ጕብኝት አይሁን፤ ፎቶግራፍ ከመነሣት በፊትም ጤና ይስጥልኝ ማለት ይቅደም። በየግቢውም ጥቂት መሬት ተከልሎ አንድ ገበሬ፣ የመምህር አበል እየተከፈለው፣ እርፍ አያያዝ ያሳይ። አበሉን ከየት እናምጣ ለሚሉኝ ባለሥልጣኖች፣ ለአንድ ቀን ስብሰባ ሻይና ብስኩት የሚወጣውን እንዲያስቡት አሳስባለሁ።

አጎቴ ሲሸኙን ለልጆቹ በየኪሳቸው ስንዴ ሞሉላቸውና ወደ እኔ ዘወር ብለው «ይህ እኮ መጨረሻው ነው፤ መጀመሪያውን እንዲያዩ በሰኔ አምጣቸው» አሉኝ። ሴት ልጄ እስከ ሰኔ ስንት ቀን እንደ ቀረ መንገዱን ሙሉ ስትጠይቀኝ መጣች።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከደብረ ማርቆስ