ዓሣው ከወዴት ነው?

አንባቢዬ ሆይ! ፋሲካ አልፎ፣ ዶሮውም በጉም ተበልቶ ካበቃ በኋላ፣ ከዓመት ፈቃድዎ ላይ ሦስት አራት ቀን ቆርጠው ቤተሰብዎን ሐይቅ ዳር ለመውሰድ አስበው ይሆናል። ሐይቅ ዳር የወረደ የከተማ ሰው ደግሞ መንጠቆ መጣል ሳያምረው አይቀርም። እንግዲያው በእኔ የደረሰው በእርስዎ እንዳይደርስ፣ ከመነሣትዎ በፊት ይህችን ገጽ ያንብቡ።

አንድ ዓመት በፋሲካ ሰሞን የዘጠኝ ዓመቱን ልጄን «ራስህ ያጠመድከውን ዓሣ ትበላለህ» ብዬ ቃል ገባሁለትና፣ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሐዋሳ ገባን። በማግሥቱ ቁርሳችንን በልተን፣ ቡናችንን ጠጥተን፣ አራት ሰዓት ሲሆን ወደ ሐይቁ ወረድን። ሥፍራም መረጥሁ፤ ትልቅ ዋርካ ያጠላበት፣ ሣሩ ለመቀመጫ የሚመች፣ ለስላሳ የሚሸጥበት ሱቅም ቅርብ የሆነ። በትልቅ መንጠቆ ላይ ትልቅ ሙዳ ሥጋ ሰካሁና ወረወርሁ። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ሰባት ሰዓት ሆነ። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ፣ ማዕበሉ ክሩን እየገፋ ወደ እግሬ መለሰልኝ። ባለቤቴ «የዓሣው ገበያ እኮ ሩቅ አይደለም» አለችኝ። ልጄ ግን ምንም አላለም። የሚያለቅስ ልጅ ይባበላል፤ ዝም ያለውን ግን ምን ይሉታል?

ወደ ማታ መረባቸውን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አገኘሁ። በጾሙ ወራት የዓሣ ገበያ ይደራል፤ ከፋሲካ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ወደ ሥጋ ስለሚዞር አጥማጁ ለጨዋታ ጊዜ ያገኛል። «አባባ፣ ለመሆኑ ዓሣው ከወዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ቀን አይቼሃለሁ። የተቀመጥክበት ቦታ ለሰው የሚመች ነው። ዓሣውም እንዳንተው ለራሱ የሚመቸውን ይፈልጋል» አሉኝ።

አንባቢዬ፣ የነገሩ ሥር ይህ ነው። ለዓሣ የሚመቸው ምግብና መሸሸጊያ ያለበት ነው። ስለዚህ ፊላና ደንገል የበቀለበትን ዳርቻ፣ በተለይም በፊላው መካከል ክፍት ሆኖ የሚታየውን ውሃ ይፈልጉ። ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበትንም አይለፉ። ወፎችንም ይመልከቱ፤ ፔሊካን ተሰብስቦ የሚዋኝበትና ዓሣ በል ንስር ደጋግሞ የሚወርድበት ሥፍራ ያለ ነገር አልተመረጠም። ሰዓቱም ንጋት ይሁን፤ ውሃው ጸጥ የሚለው ጧት ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይበረታል።

መንጠቆውም እንደ ዓሣው ነው። ቆሮሶ ዋና ምግቡ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ልምላሜ ስለ ሆነ፣ የእኔን ሙዳ ሥጋ ቢንቀው አይፈረድበትም። ለእርሱ ትንሽ መንጠቆ፣ ትንሽ ትል ወይም የሊጥ እንክብል ይበቃል። ሥጋውን ለአምባዛ ያቆዩት፤ አምባዛ ከሥር ከጭቃው ላይ ያድናል፤ ሲመሽም ይበልጥ ይነቃል።

ሐይቁንም ሲመርጡ በውበቱ ብቻ አይመኑ። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ሲያዩት ልብ የሚሰርቅ ሐይቅ ነው፤ ነገር ግን ውሃው ጨዋማ ነውና ዓሣ ብለው አይሂዱ፤ ክልሉም ብሔራዊ ፓርክ ነው። ዝዋይ ግን በአማካይ ከሦስት ሜትር አይጠልቅም፤ ዳርቻው ፊላ ነው፤ ቆሮሶና አምባዛም አለው። በየትኛውም ሐይቅ ቢሆን አስቀድመው የአካባቢውን ሰዎች ስለ ፈቃዱ ይጠይቁ።

አሁን ደግሞ የቤተሰብ አባት ሆነው ይስሙኝ። ፊላው ለዓሣ እንደሚመች ሁሉ፣ ብልሃርዚያን ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣም ይመቻል። ስለዚህ ልጆች ጫማቸውን አውልቀው እንዳይገቡ፤ ከደረቅ መሬት ወይም ከጀልባ ላይ ሆነው ያጥምዱ። ጉማሬም በሐዋሳና በዝዋይ አለ፤ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። በጉማሬና በውሃው መካከል መቆም አደገኛ ነውና ጀምበር ሳትጠልቅ ዕቃዎን ይሰብስቡ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የተባለው እንዲህ ላለው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

በማግሥቱ ልጄን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀሰቀስሁት። ሽማግሌው ባሳዩን የፊላ ክፍተት አጠገብ ሆነን ትንሿን መንጠቆ ጣልን፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን ልጄ አንድ ቆሮሶ አወጣ! ደስታውን አልነግርዎትም።

እኛ እልል ስንል ሽማግሌው መረባቸውን ጎተቱ። ከተያዙት አንዷን አነሡና አፏን ወደ ውሃው ዘንበል ሲያደርጉት፣ የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ ጫጩቶች ከውስጥ ፈሰሱ። ለካስ የቆሮሶ ወንዱ ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ውስጥ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ያዘጋጃል፤ ሴቲቱ እንቁላልዋን ጥላ በአፏ ትሰበስባለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ልጆቿን ወደ አፏ ትመልሳለች። ሽማግሌው ዓሣዪቱን ለቀቁና «እናቲቱን ከወሰድኩ፣ ከርሞ ዓሣው ከወዴት ነው ስትለኝ ምን እልሃለሁ?» አሉኝ።

ልጄ ፊቱ ተለዋወጠ። «የእኔስ እናት ትሆን?» ብሎ ዓሣውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ሽማግሌው ሮጠ። እርሳቸው አፉን ከፍተው አዩና «አይዞህ፣ አፉ ባዶ ነው» አሉት። በምሳ ሰዓት ጠብሰን በላነው፤ ትልቁን ድርሻ ማን እንደ ወሰደ መናገር አያስፈልገኝም።

እነሆ፣ ልጄ ከዚያ ወዲህ ዓሣ ባጠመደ ቁጥር መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ያያል። እርስዎም መልካም ሥፍራ ሲያገኙ እንዲሁ ያድርጉ፤ እናቲቱንና ትንንሾቹን ይመልሱ። ከርሞ ፋሲካ ሲደርስ ልጅዎ «እንሂድ» ማለቱ አይቀርምና።