ከክትትል በፊት ያለው ወር

ስለ ኢትዮጵያ እናቶች ጤና በሚጻፉ ሪፖርቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ መለኪያ አለ፤ የቅድመ ወሊድ ክትትል። በዚህ መለኪያ የታየው ለውጥ የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከሠለጠነ ባለሙያ ቢያንስ አንድ ጊዜ ክትትል ያገኙ እናቶች 62 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 አነስተኛ ዳሰሳ 74 በመቶ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ቤት ለቤት ሲንቀሳቀሱ የኖሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለዚህ ውጤት ያላቸው ድርሻ ከፍ ያለ ነው። በዚያው በ2019 ዳሰሳ ውስጥ ግን ብዙም የማይጠቀስ ሌላ ቁጥር ተቀምጧል፤ የመጀመሪያ ክትትላቸውን በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ሦስት ወራት ውስጥ የጀመሩት 28 በመቶ ብቻ ናቸው።

ይህን ቁጥር ያየ ሰው የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ቶሎ እንዲመጡ እናስተምር» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር በሁለተኛው ወር ጤና ጣቢያ ብትደርስ እንኳ፣ ልንከላከለው ከምንችለው ጉዳት ዋነኛው ያን ጊዜ አልፏል።

ምክንያቱ የተፈጥሮ የጊዜ ሰሌዳ ነው። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት የነርቭ ቱቦ ተጠቅልሎ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ ባሉት 28 ቀናት ውስጥ ነው። በእነዚህ ቀናት ማብቂያ ላይ ሴቲቱ የወር አበባዋ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ቢሆናት ነው፤ ብዙዎች መፀነሳቸውን አላረጋገጡም። ቱቦው ከላይ ሳይዘጋ ሲቀር ሕፃኑ አንጎሉና የራስ ቅሉ ሳይሟላ ይፈጠራል፤ እንዲህ ያለ ልጅ አይተርፍም። ከታች ሳይዘጋ ሲቀር ስፓይና ቢፊዳ ይባላል። ልጁ የመኖር ዕድል አለው፤ ከእግር መዛል፣ ሽንትን ካለመቆጣጠርና በጭንቅላት ውስጥ ከሚጠራቀም ውኃ ጋር እየታገለ ግን ነው። የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በጥቂት ከተሞች በተወሰኑባት አገር ይህ ትግል በአብዛኛው የሚወድቀው በእናቲቱ ጀርባ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተካሄዱ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከ10,000 ወሊዶች ውስጥ ከ60 በላይ የሚሆኑት በዚህ ጉዳት የተነኩ ናቸው። የሆስፒታል ቁጥር የከበዱ ወሊዶችን ስለሚሰበስብ ከእውነታው ከፍ ሊል ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ በቤት የተወለደውና ሳይመዘገብ የተቀበረው አይቆጠርም። ፎሊክ አሲድን በዱቄት ውስጥ መጨመር ግዴታ ባደረጉ አገሮች ቁጥሩ ከ10 በታች መሆኑን ስናስብ ልዩነቱ በቆጠራ ስሕተት ብቻ የሚገለጽ አይደለም።

መድኃኒቱ ከታወቀ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1991 የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በሰባት አገሮች ያካሄደው ጥናት፣ ቀደም ሲል በዚህ ጉዳት የተነካ እርግዝና የነበራቸው ሴቶች ከፅንሰት በፊት ጀምሮ ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ አደጋው በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ከሃንጋሪ የወጣው ጥናት ጥቅሙ ቀድሞ ችግሩ ላልደረሰባቸው ሴቶችም እንደሆነ አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ያለው ጥያቄ የሳይንስ ሳይሆን የአቅርቦት ነው፤ ቫይታሚኑን፣ መፀነሷን ገና ወዳላወቀች ሴት እንዴት እናድርስ?

በክኒን ብቻ ማድረስ አይቻልም። በ2016 ዳሰሳ መሠረት በኢትዮጵያ ከሚወለዱት ሕፃናት ሩብ ያህሉ በዚያ ጊዜ ያልታሰቡ ወይም ጨርሶ ያልታቀዱ ነበሩ። በዚህ ላይ በብዙ አካባቢ እርግዝና እስኪገፋ ድረስ አይነገርም፤ ዓይን እንዳይበላው፣ ወሬ እንዳይቀድመው ተብሎ ይሸፈናል። ይህን ዝምታ ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ለብዙ እናቶች ግን በተደጋጋሚ ውርጃና በሐዘን የተማሩት ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ የምንነድፈው ፖሊሲ ሴቲቱ ምስጢሯን እንድታወጣ የማያስገድድ፣ ዝም ብላም ልጇ የሚጠበቅበት መሆን አለበት።

መንግሥት ይህን ተረድቶ አንድ እርምጃ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ ወጥቷል፤ ዱቄቱ ውስጥ ከሚገቡት አንዱ ፎሊክ አሲድ ነው። እርምጃው የሚደገፍ ነው፤ የሚደርሰው ግን ከፋብሪካ የወጣ ዳቦ፣ ፓስታና ዱቄት ለሚገዛ ቤተሰብ ነው። ጤፉን፣ በቆሎውን ወይም ማሽላውን ከጎተራ አውጥቶ በሰፈር ወፍጮ ቤት የሚያስፈጨው ገበሬ ከዚህ ሰንሰለት ውጭ ነው። ብዙው የአገሪቱ እርግዝና የሚጀመረውም በዚያ ቤት ነው።

ወደዚያ ቤት ከገበያ ተገዝቶ ሳያሰልስ የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ጨው። የአገሪቱ የምግብ ጨው በአብዛኛው የሚመነጨው ከአፋር፣ በተለይም ከአፍዴራ ነው። ምንጩ ጥቂት፣ ተጠቃሚው ሁሉ የሆነ ምርት ለማበልጸግ የተመቸ ነው። ለዚህም የራሳችን ልምድ ይመሰክራል። በ2011 ዳሰሳ አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች 15 በመቶ ገደማ ነበሩ። በዚያው ዓመት አዮዲን እንዲጨመር የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በ2016 ዳሰሳ ቁጥሩ ከ80 በመቶ አለፈ። እንቅርትን ለመከላከል የተዘረጋው ይህ መንገድ ፎሊክ አሲድንም ሊሸከም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ በደቡብ ህንድ የተካሄደ አነስተኛ ጥናት፣ አዮዲንና ፎሊክ አሲድ የተጨመረበትን ጨው ለአራት ወራት የተጠቀሙ ሴቶች የደም ፎሌት መጠን ከሦስት እጥፍ በላይ ከፍ ብሏል።

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርቡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ጨው መቀነስ አለበት በሚባልበት ዘመን ጨውን የቫይታሚን ተሸካሚ ማድረግ ይጋጫል የሚል ነው። አይጋጭም፤ የሚጨመረው መጠን የዓለም ጤና ድርጅት በሚመክረው፣ በቀን ከ5 ግራም በታች በሆነ ፍጆታ ላይ ተመሥርቶ ይሰላል እንጂ ሰው ጨው እንዲያበዛ አይጠየቅም። ሁለተኛው፣ ፎሊክ አሲድ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን ይሸፍናል የሚለው ስጋት ነው። ረጅም የጾም ወራት ባሉት ሕዝብ ውስጥ ቢ12 በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ስለሆነ፣ መልሱ እጥረቱን ጎን ለጎን መከታተልና ማከም ነው። ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ የከበደ ብዬ የማየው የቁጥጥር ጉዳይ ነው። የአዮዲን ጨው ሽፋን በሰፋበት ጊዜ እንኳ በብዙ ጨው ውስጥ የተገኘው የአዮዲን መጠን በቂ አልነበረም። ከረጢቱ ላይ «የበለጸገ» የሚል ጽሑፍ ማተም ቀላል ነው፤ በየምርቱ ናሙና ወስዶ መመርመር፣ ጉድለት ሲገኝ አምራቹን መጠየቅ ግን ቤተ ሙከራ፣ በጀትና ነፃነት ያለው ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። ይህ ካልተሟላ ሕጉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

በውጭ የምንኖር ሰዎች በዚህ ጉዳይ ያለን ድርሻ ሁለት ነው። አንደኛው በምንኖርባቸው አገሮች የተማርነውን ማሳወቅ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በበለጸገ የእህል ምርት ላይ ፎሊክ አሲድን ግዴታ ስታደርግ፣ ዋና ምግባቸው የበቆሎ ቂጣ የሆኑ የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ከጥበቃው ውጭ ቀሩ። በበቆሎው ዱቄት ላይ መጨመር የተፈቀደው በ2016 ነው፤ ካሊፎርኒያ ግዴታ ያደረገችው በ2024 ባወጣችው ሕግ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የብዙኃኑን ምግብ ብቻ ያየ ፖሊሲ የሌላውን ማዕድ ይስታል። ይህ እኛንም ይነካል። በውጭ አገር ጤፉን ከበለጸገ የስንዴ ዱቄት ጋር ቀላቅላ የምትጋግር ሴት ሳታውቀው የተወሰነ ጥበቃ ታገኛለች፤ ንጹሕ ጤፍ ብቻ የምትበላው ግን ከዱቄቱ የምታገኘው የተጨመረ ፎሊክ አሲድ የለም። ብሪታንያ ደግሞ የ1991ዱን ጥናት መርታ ሳለ በዱቄቷ ላይ ግዴታውን በሕግ ያወጣችው በ2024 ነው። ያ መዘግየት በማስረጃ እጦት የመጣ አልነበረም።

ሁለተኛው ድርሻችን የምንልከውን መመርመር ነው። በሻንጣ የሚሄድ የቫይታሚን ብልቃጥ ለእኅታችን ይጠቅማል፤ የእኅታችንን ጎረቤት ግን አያገኝም። በሙያ ማኅበሮቻችን በኩል ለጨውና ለዱቄት መመርመሪያ ቤተ ሙከራዎች ድጋፍ ማሰባሰብ፣ የወሊድ ጉዳት ምዝገባ እንዲጀመር መወትወት፣ ውጤቱም በየጊዜው ለሕዝብ እንዲወጣ መጠየቅ ከብዙ ሻንጣ ይበልጣል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እኅቶቻችንም ሊዘነጉ አይገባም። ሕክምና ለማግኘት የአሠሪዋን ፈቃድ ለምትጠብቅ፣ ያለ ጋብቻ መፀነሷ ከታወቀ ለክስና ለመባረር ለምትጋለጥ ሴት «ቶሎ ተመርመሪ» ማለት ትርጉም የለውም።

ፖሊሲው እስኪደርስ ድረስ የሚጠብቅ አካል ደግሞ የለም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ሁሉ ለቤተሰባቸው ሊያደርሱት የሚገባ አጭር ምክር አለ። ልትፀንስ የምትችል ሴት ቢያንስ ከፅንሰት አንድ ወር በፊት ጀምራ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ። ቀደም ሲል ጉዳቱ የደረሰበት ልጅ የፀነሰች፣ የስኳር ሕመም ያለባት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ግን ከፍ ያለ መጠን ሊያስፈልጋት ስለሚችል ከመፀነሷ በፊት ሐኪም ታማክር፤ መድኃኒቷንም በራሷ አታቋርጥ። ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ጥሩ የፎሌት ምንጮች ናቸው፤ ረጅም ጊዜ ሲበስሉ ግን ከፊሉ ስለሚጠፋ ክኒኑን አይተኩም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። በዚህ ጉዳይ ቅጠሉ ርካሽ ነው፤ መንገዱም ለአዮዲን ሲባል አስቀድሞ ተጠርጓል። የጤና ሚኒስቴርም ሆነ ለጋሾች የክትትል ብዛት መቁጠራቸውን ይቀጥሉ፤ ከጎኑ ግን ሌላ ቁጥር ይጨምሩ፤ በወር አበባ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ስንቶቹ በደማቸው ውስጥ በቂ ፎሌት አላቸው? ያ ቁጥር በየዓመቱ ሲታተም፣ ስለ መጀመሪያው ወር በእውነት ማሰብ መጀመራችንን እናውቃለን።