ማስታወቂያው መልስ ሲሆን፦ ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም

የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በማኅበራዊ ሚዲያ ራሳቸውን ማስተዋወቅ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚለው ክርክር በአገራችን ጊዜው ያለፈበት ይመስላል። ዛሬ የፌስቡክ ገጽ ወይም የቴሌግራም ቻናል የሌለው ዩኒቨርሲቲ ማግኘት ያስቸግራል። አሁን ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ገጾቹ ማንን ያገለግላሉ የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት፣ ለአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሁሉ የሚበልጠው ማስታወቂያ ለጠየቀ ሰው በጊዜው የተሰጠ እውነተኛ መልስ ነው።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ፍለጋ መድከም አያስፈልጋቸውም ነበር። ተማሪው ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድባል። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ወደ ጀመረው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከሩቅ ክልል የሚመጣ ወጣት የዓባይን በረሃ የሚሻገረው በአብዛኛው የምደባ ዕጣው ስለሆነ ነው። ይህ ሁኔታ ግን እየተለወጠ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ደርሰዋል። ከ40 በላይ የሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ የሚያልፉትን እነዚህን ጥቂት ተማሪዎች ይካፈላሉ። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ መውጣቱ ደግሞ ተቋማቱ ወደፊት ተማሪያቸውንና ገቢያቸውን ራሳቸው መፈለግ እንደሚኖርባቸው ያመለክታል። በድኅረ ምረቃ፣ በማታና በሳምንት መጨረሻ መርሐ ግብሮች ከፍሎ የሚማር ሰውማ ዛሬም ቢሆን አማራጮችን አወዳድሮ ነው የሚመዘገበው።

የግብይት ምሁሩ ጀሮም ማካርቲ በ1960 እ.ኤ.አ. የግብይት ሥራን በአራት ከፍሎ ነበር፤ ምርት፣ ዋጋ፣ ሥርጭትና ማስተዋወቅ። የአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ገጾች የያዙት አራተኛውን ብቻ ነው። የምረቃ ፎቶግራፍ፣ የመግባቢያ ሰነድ ፊርማ፣ የስብሰባ ዜና፣ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ይፈራረቃሉ። ከሥራቸው የሚነበቡት አስተያየቶች ግን ሌላ ነገር ይጠይቃሉ፦ «የመግቢያ ቀን መቼ ነው?»፣ «የሪሜዲያል ተማሪዎች ጥሪ ከእኛ ጋር ነው?»፣ «የማስተርስ ክፍያ በክሬዲት ስንት ነው?»፣ «ዋናው ሰርተፍኬት ካልደረሰልኝስ?»። ብዙዎቹ ያለ መልስ ይቀራሉ።

መልስ የሌለው ጥያቄ ባዶውን አይቀመጥም። የተቋሙን ስምና ዓርማ የለጠፈ ሐሰተኛ ገጽ ወይም «ሰማሁ» ባይ ይሞላዋል። ለአዲስ ተማሪ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከጅማ ወይም ከሆሳዕና የተነሣ ወጣት ብርድ ልብሱን፣ አንሶላውን፣ የስፖርት ትጥቁንና ጉርድ ፎቶግራፉን ይዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። በተሳሳተ ቀን ቢነሣ የሚባክነው ቤተሰቡ በሬ ወይም እህል ሸጦ ያገኘው ገንዘብ ነው። የተቋሙ ስምም አብሮ ይጎዳል፤ ያ ወጣት ለታናሽ ወንድሙና ለጎረቤቱ የሚያወራው ይህንኑ ነውና።

መሣሪያዎቹንም ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ፌስቡክ ጽሑፎችን የሚያሳየው በአብዛኛው በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ሳይሆን ተጠቃሚውን ይስባሉ ብሎ በገመተው መጠን ነው። ስለዚህ የጋዋን ፎቶግራፍ ለሺሕዎች ሲደርስ፣ የምዝገባ ቀን ለውጥ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። የቴሌግራም ቻናል መልእክቱን በተላከበት ቅደም ተከተል ለተከታዮች ያቀርባል፣ ፋይልም ያደርሳል፤ ሆኖም የውይይት ቡድን ካልተያያዘለት አንባቢው ከመልእክቱ ሥር አስተያየት መጻፍ አይችልም። ስለሆነም ማንኛውም ጥሪ መጀመሪያ በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ ቢወጣና ሌሎቹ ወደዚያ ቢመሩ፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ይቀላል።

ከዚህም በላይ በአካባቢያችን የታየ ትምህርት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በፌስቡክ የወጣ ጥሪ አዲስ አበባ ላይ ሲነበብ ቢቸናና ደንበጫ ላይ አይታይም ነበር ማለት ነው። መልእክቱን በኢንተርኔት ብቻ የሚያስተላልፍ ተቋም ኢንተርኔት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሬዲዮ፣ አጭር የስልክ መልእክት፣ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰሌዳና የቀድሞ ተመራቂዎች መረብ ለዚህ ጊዜ አስቀድመው ሊዘጋጁ ይገባል።

የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች በቂ ሠራተኛ የላቸውም፣ ስድብ ለሞላበት አስተያየት ሁሉ መልስ መስጠትም አይቻልም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ሆኖም በቅን ልቡና የሚቀርቡት ጥያቄዎች በየዓመቱ የሚደጋገሙ ናቸው። ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቱ መልሳቸውን አንድ ጊዜ ጽፎ ገጹ አናት ላይ ቢያኖር፣ በምዝገባ ሳምንታትም አንድ ባለሙያ በቀን የተወሰነ ሰዓት እንዲመልስ ቢመድብ፣ ሸክሙ በእጅጉ ይቀንሳል። በዚሁ አጋጣሚ የተማሪዎችን ስምና ውጤት የያዘ ዝርዝር ለሕዝብ የመለጠፍ ልማድም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዓይን እንደገና ሊታይ ይገባዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ የእህል መደብሮች በር ላይ «የጎጃም ጤፍ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ጽሑፉ ገዢ የሚጠራው ጤፉን ጋግረው የበሉ ሰዎች አስቀድመው ስለመሰከሩለት ነው። የዩኒቨርሲቲም ስም የሚገነባው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ተቋሞቻችን ለሚቀጥለው የማስተዋወቂያ ቪዲዮ ገንዘብ ከመመደባቸው በፊት፣ በገጻቸው ላይ ያለ መልስ የቀሩትን ጥያቄዎች ቆጥረው በእነርሱ ቢጀምሩ የተሻለ ይሆናል።