ሕንፃው ተተከለ፤ ቀዳሹስ?

አበው ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲናገሩ «ተሠራ» ከማለት ይልቅ «ተተከለ» ማለት ይወዳሉ። እገሌ የተባለው ንጉሥ ይህን ደብር ተከለ፣ እገሌ የተባለው ጻድቅ ያንን ገዳም ተከለ ይባላል። ቃሉ የገበሬ ቃል ነው። የተተከለ ነገር ሥር ይሰዳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ዘር ይሰጣል፤ ውሃ ሲያጣ ደግሞ ይደርቃል። የተሠራ ነገር ቀለም ይቀባል እንጂ ሥር አያወጣም። ለመሆኑ ዛሬ በአገራችን ቤተ ክርስቲያን እየተሠራ ነው ወይስ እየተተከለ? መልሱን ከመነሻው ለመናገር አልፈራም። በከተማ እየተሠራ ነው፤ በገጠርና በጠረፍ ደግሞ የተተከለው እየደረቀ ነው።

ከከተማ በሚወጣ አውራ ጎዳና ዳር የተዘረጋውን ባለ ጥልፍ ጃንጥላ ያላየ የለም። ከሥሩ የቅዱሱ ሥዕል ተነጥፏል፣ ድምፅ ማጉያው ይጣራል፣ መንገደኛው ከመኪናው መስኮት ብር ይጥላል። ጥሪው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ለሕንፃ ማሠሪያ»። ለጣሪያ፣ ለጉልላት፣ ለአጥር፣ ለበር፣ ለእብነ በረድ። እስቲ ከአንባብያን መካከል «ለድጓ መምህራችን ቀለብ» ተብሎ የተዘረጋ ጃንጥላ ያየ ይኖራል? «ለሦስት ዲያቆናት የዓመት ልብስ» የሚል የሎተሪ ቲኬት የቆረጠስ? ሲሚንቶው ለማኝ አላጣም። ለማኝ ያጣው ሰው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቅዳሴ የሚቀደሰው ቢያንስ በአምስት ልዑካን ነው፤ በሁለት ካህናትና በሦስት ዲያቆናት። አንዱ ሲጎድል ቅዳሴ የለም። የመቶ ሰው ጉልበትና የብዙ ሚሊዮን ብር ወጪ የፈሰሰበት ሕንፃ፣ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ዲያቆን ከጠፋ እሑድ ጠዋት ቁልፉ አይከፈትም። በአንጻሩ አምስቱ ከተገኙ የሣር ክዳን ያላት የጭቃ መቃኞም ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ናት። እንግዲህ ሥርዓቱ ራሱ ምን እንደሚቀድም ነግሮናል፤ የማንሰማው እኛ ነን።

አምስቱ ያልተገኙበት አጥቢያ ምን እንደሚመስል የከተማው ሰው ልብ ብሎ አያውቅም። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሣ ሲገባ፣ እናት ሕፃኗን አዝላ የግማሽ ቀን መንገድ ትሄዳለች፤ ክረምት ከሆነና ወንዙ ከሞላ ደግሞ ቀኑ ያልፋል። ሰው ሲሞት ፍትሐት የሚያደርስለት አይገኝም። ጧፍ ያልቃል፣ ዕጣን ያልቃል፣ ዘቢብ ያልቃል። ካህኑ አንድ ብቻ ይቀራል፤ እሱም ቀን ሲያርስ ውሎ ሌሊት ሊያገለግል የሚነሣ ሽማግሌ ነው። እሱ ያረፈ ዕለት በሩ ይዘጋል። ታሪካችን በጦርነት የተቃጠሉ አብያተ ክርስቲያናትን ይቆጥራል። በዝምታ የተዘጉትን ግን ማን ይቆጥራቸዋል?

ይህ መከራ ከሰማይ አልወረደም፤ ምክንያት አለው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የገጠሩ ካህን በሰሞን መሬት ይተዳደር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲያደርግ የቤተ ክርስቲያኒቱም ይዞታ አብሮ ሄደ። ያ ሥርዓት ጭሰኛውን የበደለ ስለነበረ ይመለስ የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን በመሬቱ ምትክ ካህኑን የሚያኖረው ምንድን ነው? ቃለ ዐዋዲ የተባለው የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ከአዋጁ ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ ሐሳቡም ምእመናን ቤተ ክርስቲያናቸውን በአስተዋጽኦ እንዲያቆሙ ነው። ለከተማ ደብር ይህ ሠርቷል፤ ሙዳየ ምጽዋቱ ይሞላል፣ የሚከራይ ሱቅም አለ። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር የደጋ ገበሬ ወይም የቆላ አርብቶ አደር ግን ያው ደንብ ባዶ ሙዳየ ምጽዋት ነው ያተረፈለት። ስለዚህ ዲያቆኑ ደበሎውን ጥሎ ወደ ከተማ ይወርዳል። ዕድል የቀናው በአንዱ ደብር ይቀጠራል፤ ያልቀናው ዘበኛ ይሆናል ወይም ሎተሪ ያዞራል። በከተማው ደብር ተራው እስኪደርሰው የሚጠብቅ አገልጋይ ተትረፍርፎ፣ በገጠሩ አንድ ቀዳሽ ይታጣል።

ዲያቆኑን የሚያፈራው ደግሞ ማን ነው? የአብነት ትምህርት ቤቱ ነው። ፊደል፣ ንባብ፣ ዳዊት፣ ግብረ ዲቁና፣ ከዚያ ዜማ፣ ቅኔ፣ ትርጓሜ፤ ይህ ሁሉ የዓመታት ጉዞ የሚካሄደው በአንድ መምህር ጎጆ ዙሪያ ነው። ተማሪው በየደጁ ለምኖ፣ ከውሻ ተጋፍቶ ይማራል። የዛሬ ገበሬ ልጁን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ቢልክ አይፈረድበትም። የሚፈረደው የአንዱን ጉልላት ዋጋ ለአንድ ጉባኤ ቤት ማደሪያና ቀለብ ማዋል ተስኖት፣ «ተማሪ ጠፋ» እያለ በሚያዝነው ላይ ነው።

ወደ ታሪክ እንመለስ። ተስዓቱ ቅዱሳን ወደ ሰሜኑ አገራችን ሲመጡ ግንበኛ አስከትለው አልመጡም፤ መጽሐፍ አስከትለው ነው የመጡት። ትውፊታችን መጻሕፍትን ወደ ግእዝ በመተርጎም ያመሰግናቸዋል። ግእዝ በዚያ ዘመን ሕዝቡ የሚነጋገርበት ቋንቋ ነበረ፤ «ጽርዕ ካልተማራችሁ ወንጌል የላችሁም» አላሉትም። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሐይቅ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ተምረው፣ ወደ ደብረ ዳሞም ዘልቀው ሲመለሱ፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለችውን ደብረ አስቦን የመሠረቱት በደቀ መዛሙርት ነው። ከእርሳቸው በኋላ በአቡነ ፊልጶስ ጊዜ ሸዋ ለ12 መምህራን ተከፋፍሎ ተሰጠ። ልብ እንበል፤ የተመደቡት 12 ሰዎች ናቸው። ሕንፃው የመጣው ሰዎቹ ከደረሱ በኋላ ነው። እኛ ቅደም ተከተሉን ገልብጠን «ካህኑን እግዚአብሔር ያመጣዋል» እንላለን፤ ሲሚንቶውን ግን ለእግዚአብሔር አልተውንለትም።

እዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው «ከተማው ሰፍቷል፣ ሕዝቡ በዝቷል» የሚል ነው። እውነት ነው። በአዳዲሶቹ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የሚኖር ምእመን አጥቢያ ያስፈልገዋል፤ እሱም የተረሳ ሕዝብ ነው። የምናገረው የአንዱ ደብር ደወል ከሌላው ደወል ጋር በሚጋጭበት ሰፈር፣ ነባሩን ደኅና ሕንፃ አፍርሶ የበለጠ ለማግዘፍ ስለሚደረገው ሽቅድምድም ነው። ሁለተኛው «ሰጪው ስእለቱን ነው የሰጠ፤ ምን አገባህ?» የሚል ነው። ሰጪውን አልወቅስም። ሰጪው ወደ ተጠራበት ይሄዳል። የምወቅሰው ጠሪውን ነው፤ ኮሚቴውን፣ ሰበካ ጉባኤውን፣ ሀገረ ስብከቱን። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ላቡን ጠብ አድርጎ የሠራ ወገን ለትውልድ መንደሩ ገንዘብ ሲልክ የሕንፃ ፎቶግራፍ ብቻ የሚላክለት ለምንድን ነው? የአምስት ልዑካን የወር ደመወዝ ስንት እንደሆነ የነገረው ሰው አለ?

ሦስተኛው ተቃውሞ ጩኸት የበዛበት ነው፤ «ሌሎች መጥተው በጎቻችንን ወሰዱ» ይላል። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 50.6 በመቶ የኦርቶዶክስ ተከታይ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 43.5 በመቶ ሆነ። የፕሮቴስታንቱ ቁጥር በዚያው ጊዜ ከ10 በመቶ ገደማ ወደ 18.6 በመቶ ወጣ። በጋምቤላ 70 በመቶ ደርሷል። ይህን ቁጥር ይዞ ማልቀስ ይቻላል፤ መማርም ይቻላል። የወላይታን ታሪክ እንይ። በ1920 ዓ.ም. የገቡት የውጭ ሚስዮናውያን በ1929 ዓ.ም. በኢጣልያ ወረራ ምክንያት ሲወጡ፣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው አገኟቸው። ማን አበዛቸው? ፈረንጅ አልነበረም፣ ገንዘብ አልነበረም፣ ሕንፃም አልነበረም። በገዛ ቋንቋቸው ለገዛ ጎረቤታቸው የተናገሩ የአገሩ ሰዎች ነበሩ። በእምነቱ አለመስማማት መብት ነው። ከዚህ የማይማር ግን ሊከራከር ብቻ የተፈጠረ ነው።

ስለ ቋንቋ ካነሣን አንሸሽ። ከባርነት ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያሳተመው በ1891 ዓ.ም. ነው። እኛ በዚያ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን፣ በጥር 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሲሾሙ ሁሉም ደነገጠ። ሰው ሞተ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ልትከፈል ደረሰች፤ በየካቲት ስምምነት ተደረሰ። ሹመቱ ሥርዓት የጣሰ መሆኑን ቅዱስ ሲኖዶስ ተናግሯል፤ እኔም በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም። ነገር ግን ለክርክሩ መነሻ ሆኖ የቀረበው «በቋንቋችን የሚያገለግለን አጣን» የሚለው ቃል ከሹመቱ ጋር አብሮ የሚሻር አይደለም። ጥያቄውን የሚመልሰው በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ፣ በኑዌርኛ፣ በሐመርኛ ተምሮ የሚያስተምር የዚያው አገር ልጅ ነው። ከከተማ ተልኮ ሦስት ወር ሰንብቶ የሚመለስ ሰባኪ እንግዳ እንጂ ተክል አይደለም።

«ጳጳስ የለንም» የሚለው ምክንያት ድሮ ይሠራ ነበር። እስከ 1921 ዓ.ም. ጳጳሱ ከግብፅ ይመጣ ስለነበር ዲቁና ለመቀበል ልጆች ረጅም መንገድ ይጓዙ ነበር። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳችን ፓትርያርክ አለን፤ ጳጳሳቱም በየሀገረ ስብከቱ አሉ። ያ ምክንያት አርጅቶ ሞቷል፤ ፍትሐቱም ተደርጓል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አንድ የከተማ ደብር የመሠረት ድንጋይ ከማስቀመጡ በፊት በጠረፍ ወይም በገጠር ያለች አንዲት የተዘጋች ቤተ ክርስቲያን ይረከብ፤ ለአምስቱ ልዑካን ደመወዝ፣ ለአንድ መምህር ቀለብ፣ ለዓመት የሚሆን ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይመድብ። ሀገረ ስብከቱም የአዲስ ሕንፃ ፈቃድ ሲጠየቅ አስቀድሞ «ያቺን አጥቢያ ከፈትህ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። በየጠረፉ አምስት አምስት የአገሩ ልጆች ተመርጠው በቋንቋቸው ይማሩ። ለዚህ አዲስ ጉባኤ መጥራት አያስፈልግም፤ በየመንገዱ ዳር የተዘረጋው ጃንጥላ ይበቃል፤ ጥሪው ብቻ ይለወጥ።

ጉልላቱ ከሩቅ ያምራል። ካህን ያጣች አጥቢያ ግን ከሩቅ አትታይም፤ ችግሯም ይኸው ነው። ሕፃኗን አዝላ ወንዙ እስኪጎድል የምትጠብቀው እናት ስለ እብነ በረዱ አልጠየቀችም። የጠየቀችው አንድ ቄስ ነው። እሱን መስጠት ያቃተው ከተማ ስንት ጉልላት ቢደረድር፣ ቤተ ክርስቲያን ተከልሁ ሊል አይችልም።