ጭብጦ ለትንንሽ እጆች

የአዳምስ ሞርጋን 18ኛ ጎዳና እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ የሐበሻ ምግብ ቤቶች መንደር ነበር። ኪራይ ሲወደድ ብዙ ንግዶች ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሄዱ። ስለዚህ እዚህ የምንኖር ወላጆች እዚያ ስንሄድ በሶ በዛ አድርገን እንገዛለን። አንድ ከረጢት ለብዙ ቀን መክሰስ ይበቃል።

በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው። በውኃ ተለውሶ በእጅ ሲጨበጥ ጭብጦ ይባላል። ቃሉ «ጨበጠ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው።

ስምንት ወር አልፎት ሌላ ምግብ ለለመደ ሕፃን እንዲህ አዘጋጁ፦

1. ግማሽ የበሰለ ሙዝ በሹካ አድቅቁ።
2. ጨውና ቅመም የሌለበት በሶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ።
3. በሞቀ ውኃ አለስልሱት። በጣት ሲጫኑት ወዲያው መፍረስ አለበት።
4. በጣት ቅርጽ ሠርታችሁ፣ ሕፃኑ ተቀምጦ እያያችሁት ይብላ።

ገብስ ግሉተን ስላለው መጀመሪያ ትንሽ አቅምሱት። ቆሎ ግን አትስጡ፤ ያንቃል። ማርም ዓመት ሳይሞላው አይቀምስም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። አያቱ «ትንሽ ማር ምን ይለዋል?» ካሉ፣ «እማማ፣ ልደቱ ይድረስና እርስዎ ያቀምሱታል» በሏቸው።