ሣሩን አይቶ ገደሉን መርሳት

የነፋስ ኃይል ማመንጫ ጭስ ስለሌለው ጉዳትም የለውም የሚለው አባባል ከመለመዱ የተነሣ ቆም ብሎ የሚመረምረው ጥቂት ነው። ንጹሕ የሚያሰኘው ግን አየሩን አለመበከሉ ነው፤ የሰማዩና የመሬቱ ሒሳብ ገና አልተወራረደም። ጥንብ አንሣን እንውሰድ። ክንፉን ዘርግቶ በሞቃት አየር ላይ ሲንሳፈፍ፣ አንገቱን አቀርቅሮ መሬቱን ያስሳል፤ ያን ጊዜ ከፊቱ ያለው አይታየውም። በዚያ ከፍታ የሚገተርበት ነገር ስላልነበረ ማየትም አላስፈለገውም። ዛሬ የተርባይኑ ክንፍ ይጠብቀዋል። «ድመት የሚፈጀው ወፍ ይበልጣል» ይባላል። ድመት ግን የምትይዘው ድንቢጥ ነው። አብዛኛው የጥንብ አንሣ ዝርያ በዓመት ከአንድ ዕንቁላል በላይ አይጥልም፤ ለመራባትም ዓመታት ይፈጅበታል፤ የሞተው ቶሎ አይተካም።

«ለወፎች ጥበቃ ማድረግ ኪሳራ ያመጣል» የሚለውን ደግሞ የደቡብ እስፔኗ ታሪፋ መልሳዋለች። እዚያ ታዛቢዎች ወፍ ወደ አደገኛ ተርባይን ሲጠጋ ያሳውቃሉ፤ ተርባይኑ ለጊዜው ይቆማል። በዚህ ብቻ የጥንብ አንሣ ሞት በግማሽ ሲቀንስ፣ የታጣው የዓመት ኃይል 0.07 በመቶ ነበር፤ ከ10,000 ብር 7 ብር ማለት ነው። በኬንያው የኪፔቶ የነፋስ ኃይል ማመንጫም ወፎቹ እንዳይሳቡ የሞተ ከብት ከተርባይኖቹ አካባቢ ይነሣል። ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ተንሳፋፊ ወፎች በሚመላለሱበት የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መስመር ላይ ላለችው ኢትዮጵያ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ሰውን በተመለከተም ያው ነው። «አገር መብራት ያስፈልጋታል፤ አርብቶ አደሩ ትንሽ ይታገሥ» የሚሉ አሉ። መብራቱ ማስፈለጉ እውነት ነው፤ መዘዙን የሚያመጣው ችኮላው ነው። 365 ተርባይኖች የተተከሉበትን የኬንያውን የቱርካና ሐይቅ ፕሮጀክት መሬት፣ 150,000 ኤከር ገደማ፣ የያዘው ሰነድ ሕግን ሳይከተል የተገኘ መሆኑን ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ወስኗል። ተርባይኖቹ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ማለት ነው። ተርባይን የሚይዘው ቁራሽ መሬት ነው፤ በዙሪያው ማረስም ከብት ማገድም ይቻላል። ስለዚህ ነዋሪውን ማፈናቀል የቴክኒክ ግዴታ ሳይሆን የአሠራር ምርጫ ነው። ከቁፋሮው በፊት ነዋሪውን ማማከር፣ ከገቢውም በየዓመቱ ማካፈል ከዓመታት ሙግት ይረክሳል። ጥንብ አንሣ ከፊቱ ያለውን የማያየው ተፈጥሮው ስለሆነ ነው፤ ሣሩን አይቶ ገደሉን የሚረሳ ዕቅድ አውጪ ግን ምን ምክንያት አለው?